የዩ-869 ሟቾች የት ሞቱ? የጦርነት ዘመን የመታሰቢያ ካርዶችን ለሚሰበስቡ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ዩ-869 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ የሰመጠበት ቀንና ቦታ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በየመዝገቡ ላይ ያለ ጥርጥር ተጽፎ ኖሯል። ቀኑ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1945 ነው፤ ቦታው ከጊብራልታር ደቡብ ምዕራብ፣ በሞሮኮ ራባት አቅራቢያ። ፋውለር የተባለች የአሜሪካ አጃቢ የጦር መርከብና ላንዲስክሬ የተባለች ፈረንሳዊት መርከብ አሰመጡት ተባለ። 56 ሰዎች ሞቱ፤ በመርከቡ ላይ ከነበሩት አንድም የተረፈ የለም። ቤተሰቦቻቸው፣ የታሪክ ጸሐፊዎችና እንደ እኔ ያሉ ሰብሳቢዎችም ይህንኑ ተቀበሉ። በኋላ ግን መርከቡ ከአትላንቲክ ማዶ፣ ከአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ርቆ ተገኘ። (የዓመተ ምሕረት ቁጥሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት የጀርመን ሰርጓጅ መርከበኞችን የመታሰቢያ ካርድ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ፈጠነም ዘገየም የሚገጥመው ችግር በአንድ መርከብ ላይ ተሰብስቦ ስለሚታይበት ነው። ካርዱ ላይ የታተመው የሞት ቀንና ቦታ ቤተሰቡ የተነገረውን ይመሰክራል። በእርግጥ የሆነው ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ሰብሳቢው ሁለቱንም መያዝ አለበት፤ አንዱን በሌላው ሊሰርዝ መብት የለውም።

ካርዱ

በካቶሊክ የጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች፣ በተለይ በባቫሪያ፣ በኦስትሪያና በደቡብ ቲሮል፣ ሰው ሲሞት ትንሽ ካርድ ይታተምና ለነፍሱ በሚደረገው ቅዳሴ ላይ ለመጣው ሰው ይታደላል። ጀርመኖች ሽቴርበቢልት ይሉታል። ልማዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኔዘርላንድ የተነሣ ሲሆን በባቫሪያ መንደሮች በስፋት የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መዳፍ ላይ የሚያርፍ መጠን አለው፤ በጸሎት መጽሐፍ ገጾች መካከል እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራ ነውና። በአንዱ ገጽ የተሰቀለው ክርስቶስ ወይም የልጇን ሥጋ ታቅፋ የምታዝን እመቤታችን ትታያለች። በሌላው ገጽ የሟቹ ፎቶግራፍ፣ ስሙ፣ የተወለደበት መንደር፣ ማዕረጉ፣ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ ዕድሜውና አጭር ጸሎት ይገኛሉ። በእኛ ዘንድ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ አጥሮ በኪስ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ይህን ይመስል ነበር። ካርዱን የያዘ ሰው ባየው ቁጥር ለሟቹ ነፍስ እንዲጸልይ ይጠበቅበታል።

የሰርጓጅ መርከበኛ ካርድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፎቶግራፉን ነው። የባሕርተኛው ሰፊ ኮሌታ በትከሻው ላይ ተዘርግቷል። በቆቡ ጥብጣብ ላይ የሚነበበው «ክሪግስማሪነ» የሚለው የባሕር ኃይሉ ስም ብቻ ነው፤ የመርከብን ስም በጥብጣብ ላይ መጻፍ በጦርነቱ ጊዜ ቀርቶ ነበርና ከዚያ የምናገኘው ፍንጭ የለም። ቀጥሎ ግራ ደረቱን አያለሁ። በቅጠል ጉንጉን የተከበበ የሰርጓጅ መርከብ ባጅ ካለ፣ ሰውየው ዘመቻ ወጥቶ የተመለሰ ነው። ባጁ በኦክቶበር 1939 የተመሠረተ ሲሆን በተለምዶ የሚሰጠው ከሁለት ዘመቻ በኋላ ነበር። ባጁ ከሌለ ደግሞ ፎቶግራፉ በሥልጠና ጊዜ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም የመጀመሪያ ዘመቻው የመጨረሻው ሆኗል። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ከሞቱት ብዙዎቹ ደረታቸው ባዶ ነው።

ጽሑፉን ሳነብ የመርከቡን ቁጥር እምብዛም አላገኘውም። አብዛኛው ካርድ «በሰርጓጅ መርከብ ላይ» ብሎ ያልፋል፤ ቦታውንም «በአትላንቲክ» ይለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ከዘመቻ አልተመለሰም» ከማለት ሌላ የሚጨምረው የለም። ቤተሰቡም ቢሆን ከዚህ የበለጠ አያውቅም ነበር። ደብዳቤ ሲጽፉለት የኖሩት በጦር ግንባር ፖስታ ቁጥር ነው፤ የባሕር ኃይሉ ቁጥር «ኤም» የሚል ፊደልና አምስት አኃዝ የያዘ ነበር። ከካርዱ ጋር አንድ የደብዳቤ ፖስታ አብሮ ከተገኘ በዚያ ቁጥር መርከቡን መለየት ይቻላል። ማዕረጉም ይረዳል፤ የሞተር ክፍል፣ የሬዲዮ ክፍልና የመርከብ ላይ ሠራተኛ ማዕረጎች የተለያየ ስም ስላላቸው ሰውየው በመርከቡ ውስጥ የት ቦታ ይሠራ እንደነበር ያሳያሉ።

አንዳንዱ ካርድ «ለፉረር (ለሂትለር)፣ ለሕዝብና ለአባት አገር ወደቀ» ይላል፤ ሌላው «ለአባት አገሩ» ብቻ ይላል። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ቤተሰቡ የፖለቲካ አቋም ብዙ የሚያወራ ሰብሳቢ አለ፤ እኔ አልስማማም። ቃሉን ቤተሰቡ መርጦት ሊሆን ይችላል፤ የአጥቢያው አታሚ አስቀድሞ ያዘጋጀው ጽሑፍም ሊሆን ይችላል። ይልቅ ከካርዱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የአታሚውን ስምና ከተማ ማንበብ ይሻላል። የሟቹ መንደር ስም በአራት ወረዳ በሚደጋገምበት በባቫሪያ ትክክለኛውን አጥቢያ የሚጠቁመው ብዙ ጊዜ ያ መስመር ነው።

ጉዳዩ

ዩ-869 በብሬመን ተሠርቶ በጃንዋሪ 1944 አገልግሎት ጀመረ። ረጅም ርቀት እንዲጓዙ ከተሠሩት ትልልቅ ሰርጓጅ መርከቦች አንዱ ነው። አዛዡ ሄልሙት ኖየርቡርግ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። መርከቡ ዲሴምበር 8 ቀን 1944 ከኖርዌይ ክርስቲያንሳንድ ወደብ ለመጀመሪያ ዘመቻው ተነሣ። አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ከመነሻው ቀደም ብሎ ታሞ ስለቀረ በሕይወት ተረፈ። መድረሻው የኒው ዮርክ አካባቢ ነበር። መርከቡ በሰሜን በኩል ያለውን ረጅም መንገድ በመያዙ ነዳጁ እንዳይበቃው የሠጋው ዋና መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 1945 ወደ ጊብራልታር እንዲዞር በሬዲዮ አዘዘ። ትእዛዙን ስለመቀበሉ ግን ከመርከቡ ምላሽ አልመጣም።

ስህተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ትእዛዙ ደርሷል ብሎ ገመተና መርከቡን በካርታው ላይ ወደ ጊብራልታር አዞረው። ጦርነቱ ሲያበቃ የጠፉትን መርከቦች ከተደረጉት ጥቃቶች ጋር የሚያገናኙት ገምጋሚዎች ሁለት ነገር ፊታቸው ነበር፤ ወደ ጊብራልታር ሄዶ የጠፋ መርከብ፣ በዚያው ውኃ ላይ ፌብሩዋሪ 28 የተደረገ ጥቃት። የመርከቡን ማንነት የሚያረጋግጥ አንዳች ነገር በእጃቸው ሳይኖር ሁለቱን አገናኙ። በሺዎች ከሚቆጠሩ ወረቀቶች ጋር ለሚታገል ሰው የማይገባ ውሳኔ አልነበረም። ችግሩ ግምቱ ግምት መሆኑ ከጊዜ ብዛት መረሳቱ ነው።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1991 ጆን ቻተርተን ያለበት የአሜሪካ ጠላቂዎች ቡድን 70 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አንድ ሰርጓጅ መርከብ አገኘ። በዚያ አካባቢ ሰመጠ የተባለ የጀርመን መርከብ በየትኛውም መዝገብ አልነበረም። ሳህኖች ላይ ንስርና ስዋስቲካ (የናዚዎች መስቀል)፣ ከሥሩም 1942 የሚል ዓመት ተገኘ፤ የጀርመን መሆኑ ተረጋገጠ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልታወቀም። ከዚያ በተደረገ ጠለቃ ቻተርተን አንድ ቢላዋ ይዞ ወጣ። እጀታው ላይ «ሆረንቡርግ» የሚል ስም በእጅ ተቀርጾበታል።

ስሙ በዩ-869 ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ያለ የሬዲዮ ባለሙያ ስም ነበር። ስለ ቢላዋው ከተጠየቁት ሰዎች አንዱ የሰርጓጅ መርከቦች መዝገብ ቤት ያቋቋመው ሆርስት ብሬዶ ነው፤ ስለ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ። መልሱ መዝገቡ የሚለው ነበር፤ ዩ-869 የሰመጠው በአፍሪካ ዳርቻ ነው፣ ስለዚህ ቢላዋው በሌላ መንገድ ወደዚያ መርከብ ገብቶ ይሆናል። የሞተ ሰው ስሙን በገዛ እጁ ቀርጾ የተወውን ማስረጃ፣ አንድ የተተየበ መስመር ለዓመታት አሸነፈው። ቻተርተንና ጓደኛው ሪቺ ኮህለር ግን አልተዉትም። ፍለጋው የሦስት ጠላቂዎችን ሕይወት በላ። በመጨረሻ ኦገስት 31 ቀን 1997 ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ክፍል የመለዋወጫ ሣጥን ወጣ፤ በላዩ ያለው ምልክት ዩ-869 ይላል።

በ2005 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ታሪኩን መርምሮ መርከቡን ያሰመጡት ሃዋርድ ዲ. ክሮውና ኮይነር የተባሉት አጃቢ መርከቦች ናቸው፣ ቀኑም ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1945 ነው አለ። የሁለቱ መርከቦች ሠራተኞች በዚያ ቀን ጥቃት ፈጽመዋል፤ ሰርጓጅ መርከብ አሰመጡ ተብሎ ግን አልተመዘገበላቸውም ነበር። ዩ-869 በበኩሉ በዘመቻው አንድም መርከብ አላሰመጠም።

አንድ ሰው፣ አራት ቀን

አሁን ወደ ካርዱ እንመለስ። ከነዚያ 56 ሰዎች የአንዱ ካርድ ቢገኝ ምን ዓይነት ቀን ሊኖረው እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል፤ መልሱ ካርዱ በታተመበት ዘመን ይወሰናል።

መጀመሪያ ወሬው የሚመጣው «ጠፍቷል» በሚል ነበር። የሰርጓጅ መርከበኛ ቤተሰብ መርዶ የሚረዳው እንደ እግረኛ ወታደር ቤተሰብ አልነበረም። አስከሬኑን ያየ ጓደኛ የለም፤ መቃብሩ ላይ መስቀል የተከለ ቄስ የለም። መርከቡ በሬዲዮ መልስ መስጠት ያቆማል፣ ሳምንታት ይቆጠራሉ፣ ከዚያ ደብዳቤ ይመጣል። እናቶች ልጃቸው ተማርኮ ይሆናል ብለው ዓመታት የጠበቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእርግጥም ተማርከው በሕይወት የተመለሱ ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ቀደም ብሎ የታተመ ካርድ ወሩን ብቻ፣ ወይም «በ1945 መጀመሪያ በአትላንቲክ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ከሁሉም ያነሰ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ሐሰት አይደለም።

ሁለተኛው ከጦርነቱ በኋላ በተሰጠው ግምት የተጻፈው ፌብሩዋሪ 28 ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰብሳቢዎችን ግራ የሚያጋባው ዲሴምበር 31 ቀን 1945 ነው። በጦርነቱ የጠፋን ሰው ፍርድ ቤት እንደሞተ ሲያውጅ፣ በ1951 የወጣው የጀርመን ሕግ በልዩ ሁኔታ ሌላ ቀን ካልተረጋገጠ በቀር የሞት ጊዜው የ1945 መጨረሻ እንዲሆን ደነገገ። መበለቷ ጡረታ እንድታገኝ፣ እንድታገባ፣ ርስት እንዲከፈል አንድ ቀን ማስፈር ያስፈልግ ነበር። በዚያ ሌሊት በባሕር ላይ የተደረገ ነገር የለም፤ ጦርነቱ ካበቃ ወራት አልፈዋል። ሆኖም ቀኑ የተጻፈበትን ካርድ «የተሳሳተ» ብሎ መናቅ አላዋቂነት ነው። ቤተሰቡ ተስፋውን የዘጋበትን የሕግ በር ያሳያልና ለእኔ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያሳዝን ካርድ ነው።

አራተኛው ከ2005 በኋላ የምናውቀው ፌብሩዋሪ 11 ነው። በዘመኑ የታተመ ካርድ ይህን ቀን ይዞ ሊገኝ አይችልም። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1945፣ ኒው ጀርሲ የሚል የዩ-869 ካርድ «የጦርነት ዘመን» ተብሎ ለገበያ ከቀረበ፣ በአዲስ ማተሚያ የተሠራ መሆኑን ለማወቅ ማጉያ መነጽር እንኳ አያስፈልግም።

ዩ-869 ብቸኛው አይደለም። ዩ-166 ኦገስት 1 ቀን 1942 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በአውሮፕላን ቦምብ ሰመጠ ተብሎ ኖሮ፣ በ2001 ለጋዝ ቧንቧ ዝርጋታ የተደረገ የባሕር ወለል ቅኝት ፍርስራሹን አገኘው። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 30፣ ፒሲ-566 በተባለች መርከብ ተመትቶ ነበር። ፍርስራሹ በተገኘ ቁጥር የአንድ መርከብ ሙሉ ዝርዝር ይናወጣል።

ዝርዝሩና የሚጎድሉት

ስለ ብሬዶ ልናገር። የዩ-288 መኮንን ነበር። ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ መርከቡ ያለ እሱ ወጣና ኤፕሪል 3 ቀን 1944 በባረንትስ ባሕር ከነሠራተኞቹ ሁሉ ሰመጠ። ከጦርነቱ በኋላ የጓደኞቹን ዕጣ ሲያፈላልግ የጀመረው ስብስብ አድጎ በኩክስሃፈን የሚገኘው የሰርጓጅ መርከቦች መዝገብ ቤት ሆነ፤ እሱም እስከ 2015 ዕለተ ሞቱ ድረስ አብሮት ኖረ። ብዙ ቤተሰቦች ስለ ልጃቸው የሆነ ነገር የሰሙት በእሱ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንኳ በቢላዋው ጉዳይ ከመዝገቡ ጋር መቆሙ፣ የተጻፈ የሞት ቦታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳያል።

በሰርጓጅ መርከቦች ካገለገሉት 40 ሺህ ገደማ ጀርመናውያን ወደ 30 ሺህ የሚሆኑት አልተመለሱም። በኪል አቅራቢያ ሞልተኖርት ላይ በቆመው መታሰቢያ የነሐስ ሰሌዳዎች ላይ ስማቸው በየመርከባቸው ተዘርዝሯል። ካርድ ግን ለሁሉም አልታተመም። ካርዱ የካቶሊኮች ልማድ ነው፤ ከሰሜን ጀርመን የመጣው ፕሮቴስታንት መርከበኛ የጋዜጣ ማስታወቂያ እንጂ ካርድ አልነበረውም። ስለዚህ የዩ-869ን 56 ካርዶች አሟላለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው የማይሞላ አልበም ይዟል፤ በእጁ ያለውን ጥቂት ይዞም ስለ መርከቡ ሠራተኞች ሁሉ መናገር የለበትም። ስም ለማጣራት የጀርመን ፌዴራል መዝገብ ቤት አለ፤ የወታደሮችን ሞት ይመዘግብ የነበረው የበርሊኑ መሥሪያ ቤት ከ2019 ጀምሮ የእሱ ክፍል ሆኗል። የጦር መቃብሮችን የሚንከባከበው የጀርመን ማኅበርም በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ስሞችን በኢንተርኔት መፈለግ እንዲቻል አድርጓል። ባቫሪያ ውስጥ ደግሞ የቤተሰብ ታሪክ ማኅበሩ የመታሰቢያ ካርዶችን በየስማቸው ይመዘግባል።

ገበያው የሚያስቆጣኝ ነገር አለ። የአንዲት እናት የጸሎት መጽሐፍ ከነካርዶቹ ይገዛና ይበተናል። የሰርጓጅ መርከበኛው ካርድ ከእግረኛው ወታደር የበለጠ ዋጋ ስለሚያወጣ ብቻውን ይሸጣል፤ በሩሲያ የሞተው ወንድሙ ለሌላ ገዢ ይሄዳል፤ በሐዘን ተከትላቸው የሞተችው አያታቸው ወረቀት ዋጋ የለውም ተብሎ ይጣላል። እንደ ዩ-869 ባለ ጉዳይ የሚያስፈልገው ያ ጥቅል ነው፤ ካርዱ መቼ እንደታተመ፣ ቤተሰቡ ምን ያህል ጊዜ እንደጠበቀ የሚታወቀው ከጎረቤቶቹ ካርዶች ጋር ሲነጻጸር ነው። ጥቅሉን የሚሸጥ ሰው ካገኘሁ ሁሉንም እገዛለሁ፤ ካልቻልኩ ከመበተኑ በፊት የእያንዳንዱን ፊትና ጀርባ ፎቶግራፍ እንዳነሣ እለምናለሁ።

ሌላው ስዋስቲካው ነው። በ1939 የብረት መስቀል ሥዕል መካከል ስላለ በብዙ ካርድ ላይ ይገኛል። የጀርመን ሕግ ለትምህርትና ለምርምር ካልሆነ በአደባባይ ማሳየቱን ስለሚከለክል አንዳንድ ሻጭ በጥቁር ቀለም ያጠፋዋል። ለሽያጭ ፎቶግራፍ ሲነሣ በምልክቱ ላይ ትንሽ ወረቀት ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ካርዱን ማበላሸት አያስፈልግም። እኔ ምልክቱ ይታይ የምለው አገልግሎቱ ለማን እንደነበር እንዳይሸፈን ነው። እነዚህ ወጣቶች የተላኩት የንግድ መርከቦችን ለማስመጥ ነበር፤ በዚያ ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የተባባሪዎቹ አገሮች መርከበኞች ሞተዋል። ካርድ የሌላቸውን እነዚያንም በመዝገቤ መግቢያ ላይ አስፍሬአለሁ።

በመዝገቡ ላይ እንዴት ይጻፍ

ለዩ-869 የምጠቀምበት አጻጻፍ ይህ ነው። ካርዱ የሚለው በራሱ ዓምድ ከነስህተቱ ፊደል በፊደል ይገለበጣል። ቀጥሎ ያ መረጃ ከየት ሊመጣ እንደቻለ ይጻፋል፤ ከባሕር ኃይሉ ደብዳቤ፣ ከጦርነቱ በኋላ ከተሰጠው ግምት ወይም ከፍርድ ቤት። በሦስተኛው ዓምድ ዛሬ የሚታወቀው፣ ማን በየትኛው ዓመት እንዳረጋገጠው ጭምር ይገባል። ካርዱ ላይ በእርሳስም ቢሆን አልጽፍም፤ ማስታወሻ የሚጻፈው ካርዱ በሚቀመጥበት የወረቀት ኪስ ላይ ነው።

በሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ቦታውና ቀኑ እኩል ክብደት የላቸውም። ቦታው በባሕር ወለል ላይ ካለው ብረት ተነብቧል። ቀኑ ግን የቆመው ክሮውና ኮይነር አሰመጡት በሚለው ውሳኔ ላይ ነው፤ ጠላቂዎቹ ራሳቸው መርከቡን የመታው ዞሮ የተመለሰበት የገዛ ቶርፒዶው (በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ነው የሚል ሌላ ግምት ነበራቸው፤ ያ እውነት ቢሆን ፌብሩዋሪ 11 አብሮ ይወድቃል። በቅርፊቱ ላይ ከአንድ ቦታ በላይ ጉዳት መታየቱ ወደ መጀመሪያው ማብራሪያ ያደላኛል። ቢሆንም «ኒው ጀርሲ ዳርቻ» የሚለውን በቀለም ጽፌ ቀኑን በእርሳስ ትቼዋለሁ፤ ከጎኑም «እንደ 2005ቱ ምርመራ» የሚል አለበት።